የፋብሪካ ድር፣ የቤት ማግ

ሸማ ከሁለት ክር ይሠራል። አንደኛው ድር ነው፤ ከሸማኔው ፊት በቁመቱ ተዘርግቶና ተወጥሮ ሥራው እስኪያልቅ ሳይላላ ይቆያል። ሁለተኛው ማግ ነው፤ በመወርወሪያ ሆድ ውስጥ ሆኖ በድሩ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል። ስማቸው ሁልጊዜ አብሮ ስለሚጠራ አንድ ዓይነት ክር ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ድር ይጎተታል፣ ይፋተጋል፣ ሸማኔው ማጉን በመታ ቁጥር ይንገጫገጫል፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሥራው ቆሞ መቀጠል አለበት። ማግን ግን አጥብቆ የሚጎትተው የለም። ከእሱ የሚጠበቀው ለስላሳ መሆን፣ ጨርቁን መሙላትና ለባሹን ማሞቅ ነው። የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ባለፉት መቶ ዓመታት ያየው ትልቁ ለውጥ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል፦ ድሩ ከፋብሪካ መጣ፣ ማጉ ከሴቶች እንዝርት ሳይወርድ ቆየ። ለውጡ ምን ማለት እንደሆነ ጥጥ በሚበቅልበት ቆላ ላይ ሆኖ መመልከት ይቻላል፤ ከእነዚህ ቆላዎች አንዱ የወይጦ ሸለቆ ነው።

የወይጦ ወንዝ ከጋሞ ደጋ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይወርድና ጨው ባህር ይገባል። ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚሄድ ተጓዥ የኮንሶን እርከኖች ወደ ኋላ ትቶ ሙቀቱ ወደሚያቃጥለው ሜዳ ሲወርድ የሚያገኛት ወይጦ የምትባል ከተማ ስሟን ከወንዙ ወስዳለች። ከወንዙ ማዶ መንገዱ ወደ ቀይ አፈር ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ጂንካ ያቀናል። አገሩ የፀማይ ሕዝብ ነው፤ በደቡብ ኤርቦሬ፣ በምዕራብ ባና፣ በምሥራቅ ኮንሶ ይዋሰኑታል። (በጣና ሐይቅ ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ሌላ ሕዝብ ናቸው፤ የሁለቱ ስም መመሳሰል ብዙ አንባቢ አሳስቷል።)

የወንዙ ሁለት ዳርቻዎች በልብስ ረገድ ሁለት ዓለም ነበሩ። በምዕራብ በኩል ያሉት ከብት አርቢዎች ዋነኛ የልብስ ዕቃቸው ቆዳ ነበር፤ የፍየል ቆዳ ይለፋል፣ ይቀባል፣ በዶቃና በዛጎል ያጌጣል። በምሥራቅ በኩል ያሉት ኮንሶዎች ግን በእርከን ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ በቆላው ማሳቸው ከማሽላው ጋር ጥጥ ያበቅላሉ፣ ይሸምናሉም። የኮንሶ ሽመና የወንድ ሥራ ነው። ሸማኔው ከቀጥቃጩ፣ ከሸክላ ሠሪውና ከቆዳ ፋቂው ጋር ሐውዳ ተብሎ ከአራሹ ወገን ተለይቶ ይቆጠር ነበር። መሬት የነበረው ሰው በሸማኔው ይኮራበት ይሆናል እንጂ ያለ እሱ አልለበሰም። ወፍራሙ የኮንሶ ቡልኮ በአካባቢው ስሙ የታወቀ ነው፤ የኮንሶ ጨርቅ ቦረናዎች ዘንድ ሄዶ በከብትና በጨው ይለወጥ ነበር። ዛሬም ኮንሶን ላየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዘው ደማቅ መስመር ያለው የወንዶች ቁምጣ ነው፤ ስለ ቀለሙ ኋላ ይነሣል።

ጥጥ ለዚህ የአፍሪካ ክፍል እንግዳ አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባ ላይ ስለ ዘመተበት ጦርነት ባስቀረጸው ጽሑፍ ካጠፋቸው ነገሮች መካከል የጥጥ ዛፎችን ይቆጥራል። ሠራዊት ለማጥፋት የሚደክምበት ተክል ዋጋ ያለው መሆን አለበት። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የቀይ ባሕርን ንግድ የዘረዘረው የግሪክኛ የመርከበኞች መመሪያ ከሕንድ ወደ አዱሊስ ይገባ ስለነበረ የጥጥ ጨርቅ ይናገራል። አገሬው ይፈትለው የነበረው ጥጥ ከብሉይ ዓለም ዝርያዎች ወገን ሲሆን ጭረቱ (ቃጫው) አጭር ነው። አጭር ጭረት ያለው ጥጥ ለእንዝርት ያስቸግራል እንጂ መፍተልን አይከለክልም፤ ለፋብሪካ ማሽን ግን ብዙም አይመችም። ዛሬ በመስኖ እርሻ የሚዘራው ከአሜሪካ ምድር የመጣ፣ ጭረቱ የረዘመ ዝርያ ነው፤ ዲፒ-90 የሚባለው ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ በስፋት የተዘራ ነው። የአንድ አገር ጥጥ በሌላ አገር ጥጥ ሲተካ ጉዳዩ እንደ ሽመና ታሪክ እምብዛም አልታየም። ለክሩ ግን ከፋብሪካው መምጣት ያላነሰ ለውጥ ነበር።

ክር በቤት የሚዘጋጅበት መንገድ ረጅም ነው። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፦ ሴቲቱ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ቀጭን የብረት ዘንግ ታንከባልልበታለች፤ ፍሬው ከፊት ይወጣል፣ ጭረቱ ከኋላ ይቀራል። ከዚያ ይነደፋል፦ የደጋን አውታር ጥጡ ውስጥ እየተመታ እየነዘረ ጭረቱን ይበታትነዋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በጣት ርዝመት ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል። አመልማሎው በግራ እጅ ተይዞ፣ እንዝርቱ ጭን ላይ ተሽከርክሮ ወይም ተንጠልጥሎ ሲዞር፣ ጭረቱ ከጣት ሾልኮ ይጠመጠማል። ክሩ በእንዝርቱ ላይ ሲሞላ ልቃቂት ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥቂት እንጨት፣ አንድ ብረትና ብዙ ትዕግሥት ነው፤ ሥራው በወሬ መካከል፣ ልጅ በጀርባ አዝሎ፣ በምሽትም ይሠራል። በዓል ቀን ግን እንዝርት አይነካም። የክርስቲያን ቤት እመቤት በየወሩ የምታከብራቸው ቀናት ሲደመሩ የዓመቱ ፈትል ከሚጠበቀው እንደሚያንስ ማንኛውም የሸማ ገዢ የሚያውቀው ጉዳይ ነበር።

ፈትል ሁልጊዜ ከሽመና ይዘገያል። አንድ ሸማኔ በጥቂት ቀን የሚጨርሰውን የጋቢ ክር አንዲት ፈታይ በሳምንታት አታዘጋጀውም። ስለዚህ ከአንድ ሸማኔ ጀርባ ብዙ ፈታዮች ይቆማሉ፤ እጥረት ሲመጣ የሚመጣው ከእነሱ በኩል ነው። ከብዛቱ በላይ ደግሞ የጥራቱ ጉዳይ አለ። በእጅ የተፈተለ ክር በአንድ ቦታ ይወፍራል፣ በሌላ ቦታ ይቀጥናል፤ ክሩ ከቀጠነበት ይበጠሳል። ማግ ሲሆን ይህ ጉድለት አይደለም፤ የወፈረው ክፍል ጨርቁን ይሞላዋል፣ አየር ይይዛል፣ ጋቢውን ያሞቀዋል። ድር ሲሆን ግን ሸማኔው ቀኑን ሙሉ የተበጠሰ ሲቀጥል ይውላል። የድሮ ፈታዮች ለዚህ የነበራቸው መፍትሔ ለድር የሚሆነውን ለይቶ፣ ቀጭንና ብዙ የተከረረ አድርጎ መፍተል ነበር። ሸማኔውም በበኩሉ ድሩን በቀጭን ሙቅ ነክሮ ያደርቀዋል፤ ሙቁ የተበተነውን ጭረት አጣብቆ ክሩን ለጊዜው ያጠነክረዋል፣ ጨርቁ ሲታጠብም ይለቃል። አዲስ ሸማ ከመታጠቡ በፊት ኮስተር የሚለው በከፊል ለዚህ ነው። ጥሩ የድር ፈታይ በየመንደሩ አትገኝም፤ ብትገኝም ክሯ ውድ ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። እንግሊዞች እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በእጅ ከፈተሉት ጥጥ በቂ ጥንካሬ ያለው ድር ማውጣት ስላቃታቸው «ጥጥ» ብለው የሚሸጡት ጨርቅ ድሩ ተልባ፣ ማጉ ጥጥ ነበር። ጄምስ ሃርግሪቭስ በ1764 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሠራው የመፍተያ መሣሪያ ብዙ ክር በአንዴ ቢፈትልም ክሩ ለማግ እንጂ ለድር አይበቃም ነበር። ለድር የሚሆን ጠንካራ የጥጥ ክር የመጣው ሪቻርድ አርክራይት ኋላ በውሃ ኃይል ለሠራው የመፍተያ ማሽኑ በ1769 የፈጠራ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የማሽን ክር ወደ ሸማኔዎች ዓለም ብዙ ጊዜ የገባው በድር በኩል ነው። ማግ ቆይቶ መጣ፤ አንዳንድ አገርም ሙሉ በሙሉ አልገባም። ኢትዮጵያ ከነዚህ አገሮች አንዷ መሆኗ ስለ ኋላ ቀርነት የሚናገር አይመስልም፤ ሸማኔው የሚጎድለውን ገዝቶ የማይጎድለውን ትቶታል።

ከሩቅ የመጣ ክር በኢትዮጵያ ሸማኔ እጅ ሲገባ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በጎንደር ዘመን በካርድ ሽመና (ድሩ በቀዳዳ ካርዶች ውስጥ አልፎ በሚሸመንበት ስልት) የተሠሩ፣ ቁመታቸው ከ5 ሜትር በላይ የሆነ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች የሐር ናቸው፤ ሐሩ ከውጭ የመጣ ነው። ከነዚህ አንዱ ዛሬ በካናዳ ቶሮንቶ፣ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ተራው ሰው በአንገቱ የሚያስረው ሰማያዊ ማተብም ብዙ ጊዜ ከመጤ ሐር ይገመድ ነበር። የጥለቱ ቀለም ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበረው፦ ከሕንድና ከአውሮፓ የሚመጣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ይገዛል፣ ክር በክር ይተረተራል፣ የተተረተረው ክር የነጭ ሸማ ጠርዝ ይሆናል። ከሸማኔው ቤት ቀለም ያለው ክር ስላልነበረ አንድ ጨርቅ ተፈቶ ሌላ ጨርቅ ያጌጣል። እንግዲህ ጥንታዊው ሸማ ንጹሕ የአገር ቤት ክር ብቻ ነበር የሚለው አነጋገር በጥለቱ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

የማሽን ድር በጅምላ መግባት የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በቦምቤይ የመጀመሪያው የጥጥ ፋብሪካ በ1854 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ የሕንድ ክር በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች መሸጥ ሲጀምር ምጽዋም ጅቡቲም ለኢትዮጵያ በር ሆኑ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ክሩም አብሮ ቀረበ። በዚያው መንገድ ግን ክሩን የሚያስንቅ ተወዳዳሪም ገባ። አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ የአሜሪካ ጨርቅ ተሸምኖ የመጣ ነው፤ ለፈታይም ለሸማኔም ሥራ አይተውም። ጠረፍ ድረስ ዘልቆ እንደ ገንዘብ ሊለወጥ በቃ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን ጥጥ ጨርቅ በርካሽነቱ የኢትዮጵያን ገበያ በብዛት ያዘ።

በደቡብ የአፄ ምኒልክ ጦር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኮንሶንና የኦሞን አገር ከያዘ በኋላ የልብስ ገበያው ተለወጠ። በባኮ፣ በኋላም በጂንካ የሰፈሩት ሹማምንት፣ ወታደሮችና ካህናት ሸማ ለባሾች ነበሩ፤ ቆዳ ለባሹ አገር ሸማን በመጀመሪያ ያየው በጌታና በገበያ በኩል ነው። ሸማ የሹመት ምልክት ሆኖ ሲገባ ለሸማኔው ጥሩ ነበር፤ ከወይጦ ወዲህና ወዲያ ላለው ሰው ምን እንደነበር ሌላ ጉዳይ ነው። የሚሸምኑት ኮንሶዎችና ከሰሜን ምሥራቅ የመጡት የጋሞ ደጋ ሰዎች ነበሩ። የዶርዜና የጨንቻ ሸማኔዎች ጥጡን ከአባያና ከጫሞ ዙሪያ ቆላ ይገዛሉ፣ ሴቶቻቸው ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተሰደው ሽሮ ሜዳን የሽመና ሰፈር አደረጉት። ጨንቻ ላይ የቤት ፈትል በቅርብ ይገኛል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ሸማኔው ከሴቶቹም ከጥጡም ርቋል። የፋብሪካ ድር ልማድ የሆነው ከምንም በላይ በዚህ ርቀት ነው።

በአገር ውስጥ የሚፈተል የማሽን ክር ታሪክ የሚጀምረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ነው። የጥጥ ፋብሪካው ከነጻነት በኋላም ሥራውን ቀጠለ። በ1950ዎቹ በአቃቂ ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1961 ደግሞ ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሣ የባሕር ዳሩ ተከፈተ። ሸማኔን በቀጥታ የሚመለከቱት ግን ጨርቅ የሚሠሩት ሳይሆኑ ክር የሚፈትሉት ናቸው። የአዲስ አበባዎቹ አደይ አበባና እድገት ለሸማኔ ድር አቅርበዋል፤ የእድገት ፋብሪካ ስሙ ራሱ የድርና የስፌት ክር ፋብሪካ ነው። ጥጡ ደግሞ ከአዋሽ ሸለቆ ይመጣ ነበር፤ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ ጀምሮ ነበር። ደርግ በ1975 እርሻዎቹንም ፋብሪካዎቹንም ወረሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1977፣ የዕደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ሸማኔው በማኅበር ተደራጅቶ ድሩን በማኅበሩ በኩል ይጠብቅ ጀመር። ከማኅበር ውጭ ያለው ሸማኔ ድሩን በነጋዴ ዋጋ ይገዛ ነበር። ከዚህ በኋላ የድር ጉዳይ የጥራት ብቻ አልነበረም፤ በየትኛው ወረፋ እንደሚገኝም ጭምር ሆነ። በነዚያ ዓመታት የቤት ፈትል ማግ ያለ ወረፋ መገኘቱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ወይጦ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የገባችው በመጨረሻ፣ በጥሬ ዕቃው ጫፍ ነው። ብራሌ የሚባለው የጥጥ እርሻ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሸለቆው በወይጦ ውሃ በመስኖ መልማት ጀመረ። ጥጡ ለፋብሪካ የሚሆን፣ ጭረቱ የረዘመ ነው። ከዚያ በፊት መሬቱ ለፀማይ ከብቶች የበጋ ግጦሽ፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ደግሞ ማሽላ የሚዘራበት ዳርቻ ነበር፤ ስለዚህ የእርሻው ታሪክ ከግጦሽና ከውሃ ክርክር ተለይቶ አይነገርም። የሚለቀመው ጥጥ በመኪና ተጭኖ ፍሬው በማሽን ተለይቶ ወደ መፍተያ ይሄዳል። በደቡብ የሃዋሳና የአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በዚህ መንገድ ላይ ናቸው። ክሩ ተፈትሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በነጋዴ እጅ ተመልሶ ለሸማኔ ይሸጣል። ስለዚህ ዓይኑ የጥጥ ማሳ እያየ ድሩን ከሱቅ የሚገዛ የኮንሶ ሸማኔ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ሌላው ጥጥ፣ በኮንሶ ማሳ ጥግ የሚለቀመው፣ አሁንም በእንዝርት ይገባል፤ የሚሆነውም ማግ ነው።

የፋብሪካ ክር በቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩም ከእንግሊዝ የቀረ ልማድ ነው። 840 ያርድ፣ ማለትም 768 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጥቅል ስንቱ አንድ ፓውንድ (454 ግራም) እንደሚመዝን ይቆጠራል። ቁጥር 20 የሚባል ክር ከ454 ግራም 15 ኪሎ ሜትር ከ360 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ቁጥር 40 በእጥፍ ይረዝማል፣ ስለዚህ ይቀጥናል። ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ የሚቀጥን መሆኑ አዲስ ገዢን ያደናግራል። ቁጥሩ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል። ሌላው ግማሽ ማክረሩ ነው፦ ክሩ በአንድ ጥማዝ ብቻ የተፈተለ ነው ወይስ ሁለት ክሮች ተገምደው የተሠራ? ምን ያህልስ ተጠምዟል? ብዙ የተከረረ ክር ጠንካራ፣ ደረቅና ቀጭን ይሆናል፤ ትንሽ የተከረረው ለስላሳ፣ ድብልብልና በቀላሉ የሚላላ ይሆናል። ሸማኔ በጣቱ ጎትቶ፣ ከተጠመዘዘበት በተቃራኒ አዙሮ፣ ሲፈታ ምን እንደሚሆን አይቶ ይገዛል፤ የሱቅ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ይህን አይነግረውም።

በሌላ አገር የሌላ ሙያ ሰዎችም እንዲሁ የተከረረውን ክር ከለስላሳው ለይተው ይፈልጋሉ። ፊሌ የሚባለው የአውሮፓ ዳንቴል በመጀመሪያ እንደ ዓሣ መረብ በቋጠሮ የሚሠራ ባለ አራት ማዕዘን መረብ ነው፤ ከዚያ መረቡ በክፈፍ ላይ ተወጥሮ አንዳንዱ ክፍሉ በመርፌ ይሞላል፣ አበባና አውሬ ይወጣበታል። ፌዴሪኮ ቪንቺዮሎ በ1587 ፓሪስ ላይ ያሳተመው የንድፍ መጽሐፍ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ባለ አራት ማዕዘን ንድፎችም ነበሩበት። ክሩ በጥንት ተልባ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን፣ በ1746 በሙሉዝ የተመሠረተውን ዲ.ኤም.ሲ. የመሳሰሉ ፋብሪካዎች በደንብ የተከረረ የጥጥ ክር ሲያወጡ በጥጥ ይተካ ጀመር። ቋጠሮው እንዳይንሸራተት መረቡ ጠንካራና የተከረረ ክር ይፈልጋል፤ መሙያው ለስለስ ያለና ቀዳዳውን የሚሸፍን መሆን አለበት። የቆየ ፊሌ ለማደስ የሚሞክር ሰው ዛሬ ሱቅ ውስጥ «የዳንቴል ክር» ብሎ አንድ ጥቅል ከገዛ ከሁለቱ አንዱን ማበላሸቱ አይቀርም። በኢትዮጵያ ቤቶች በኪሮሽ ተሠርቶ ሶፋና ቴሌቪዥን ላይ ይነጠፍ የነበረው፣ ሳጥን ሳጥኑ እየሞላ ሥዕል የሚያወጣው ዳንቴል የዚሁ ፊሌ ዘመድ ነው፤ ክሩም የተከረረና አንጸባራቂ የጥጥ ክር ነው። አንጸባራቂነቱን የሰጠው ጆን መርሰር የሚባል እንግሊዛዊ ጥጥን በሶዳ ውሃ መንከር ምን እንደሚያመጣ በ1844 ማወቁና ሆራስ ሎው በ1890 አካባቢ ክሩን ወጥሮ መንከርን መጨመሩ ነው። ተወጥሮ የተነከረ ጥጥ ክብ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ቀለምም በደንብ ይይዛል።

ይህ አንጸባራቂ ጥጥ ወደ ሸማ ጥለት በሰፊው ገባ፤ ከሱ ጋር ደግሞ ሬዮን፣ አክሪሊክና ወርቅ መሳይ ክር። ገበያ ላይ «ሐር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው የሐር ትል አላየውም። የኮንሶ ቁምጣ ደማቅ መስመሮችም የፋብሪካ ቀለም ያለው ክር ናቸው፤ የቀደመው ጨርቅ በአብዛኛው የጥጡን የራሱን ነጭ የያዘ ነበር። ይህን እንደ ክህደት የሚያይ አለ። ሐቁ ግን የጥለት ቀለም በጎንደርም በኮንሶም ከሩቅ መምጣቱ ነው፤ ልዩነቱ ድሮ ጨርቅ ተተርትሮ ይገኝ የነበረው አሁን በጥቅል መገኘቱ ነው። አስቸጋሪው ሌላ ነው። አክሪሊክ በሚፈላ ውሃ ይበላሻል፣ ፖሊስተር አይሰበሰብም፤ ጥጥ ግን በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። የማይሰበሰብ ጥለትና የሚሰበሰብ ነጭ ጨርቅ አንድ ላይ ሲታጠቡ ጠርዙ ይጨማደዳል። ልምድ ያለው ሸማኔ ለዚህ ሲል ለጥለቱም ጥጥ ብቻ ይጠቀማል። በቅርብ ዓመታት ከውጭ በማሽን ታትሞ የሚገባው የሸማ መልክ ያለው ፖሊስተር ጨርቅ ደግሞ ጥለቱን በሥዕል ብቻ ያስቀመጠ ነው፤ ሸማኔውን የሚጎዳው በዋጋው ነው።

ክርን ለመለየት ቀላሉ መንገድ እሳት ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ አለው፣ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ሬዮንም ከእንጨት የተሠራ ስለሆነ እንደ ጥጥ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በእሳት ከጥጥ አይለይም፣ እርጥብ ሲሆን ግን ከጥጥ ቶሎ ይበጠሳል። እውነተኛ ሐር እንደ ጸጉር ይሸታል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፣ ጠንካራ ጥቁር ጉብታ ይተዋሉ። የእጅ ፈትልን ከፋብሪካ ፈትል ለመለየት ደግሞ እሳት አያስፈልግም፤ ከልቃቂቱ አንድ ክንድ ወጥሮ ብርሃን ላይ መያዝ ይበቃል። የእጁ ክር ሲወፍርና ሲቀጥን ይታያል፣ የፋብሪካው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው።

እውነተኛ ሐር በአገር ውስጥ ማምረት የተጀመረው በቅርቡ ነው። ጉሎ ቅጠል የሚበላ የሐር ትል በኢትዮጵያ ይረባል፤ ጉሎም በብዙ ቆላ በራሱ የሚበቅል ተክል ነው። ይህ ሐር እንደ ቻይናው ተፈትቶ ረጅም ክር ሆኖ አይወጣም፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ይፈተላል፣ ለሴቶቹ እንዝርት አዲስ ዕቃ አይሆንም። በአዲስ አበባ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሳባሃር የተባለ ድርጅት ይህንኑ ሐርና የእጅ ፈትል ጥጥ አቀላቅሎ ያሸምናል፤ ከሚሠራው አብዛኛው ወደ ውጭ ገበያ ይሄዳል።

የድሮውን ዓይነት ጨርቅ በኮንሶም ሆነ በወይጦ ለማሠራት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ምርጫው እነሆ። ድሩንም ማጉንም የእጅ ፈትል ለማድረግ ከፈለገ ሁለት ዓይነት ፈትል ማዘዝ አለበት፣ የድሩን በተለይ ቀጭንና የተከረረ እንዲሆን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ሸማኔው ድሩን በሙቅ ይነክራል፣ ሥራው ይዘገያል፣ ዋጋው ከተለመደው ብዙ ይበልጣል። የጨርቁ መልክ ግን አንድ ወጥ ነው። የፋብሪካ ድርና የቤት ማግ ከሆነ ዛሬ ብዙው ጋቢና ቡልኮ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ በድሩ አቅጣጫ ቀጥ ያለ፣ በማጉ አቅጣጫ ለስላሳና ሞቃት ይሆናል። ሁለቱም የፋብሪካ ከሆኑ ጨርቁ ቀጭንና ቶሎ ተሸምኖ የሚያልቅ ነው፣ በከተማ ለሚለበስ ቀሚስ ይመቻል፣ ለደጋ ሌሊት ብርድ ግን አይሆንም። በልቃቂት የሚሸጠውን የቤት ማግ የሚገዛ ሰው ክሩን እስከ ውስጥ መፍታት ይኖርበታል፤ ከላይ የተመረጠ፣ ከውስጥ ደካማ ፈትል ያለበት ልቃቂት በየገበያው አይጠፋም።